የመረሳት መብት፦ ከወረቀት ዘመን እስከ ጎግል

የመረሳት መብት ማለት አንድ ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበ፣ ጊዜ ያለፈበትና ለሌላው የማይጠቅም መረጃ እንዲሰረዝለት፣ ቢያንስ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ከፊት እንዳይደቀን የመጠየቅ መብት ነው። በዛሬ ቅርጹ የተወለደው በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ነው፤ ዕድሜውም ከአሥር ዓመት ብዙም አይዘልም። ሐሳቡ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ጥፋተኛ ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ባለዕዳ ዕዳውን ከከፈለ በኋላ፣ በወጣትነቱ የሳተ ሰው ከተመለሰ በኋላ የቀድሞው ነገር እስከ መቼ ስሙን ይከተለዋል? ጥያቄው ፍርድ ቤቶችን ማስጨነቅ የጀመረው ጋዜጣና ሲኒማ በተስፋፉበት ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በወረቀት ዘመን መርሳት ሕግ አያስፈልገውም ነበር። ጋዜጣ የሚነበበው በወጣበት ቀን ነው፤ በማግስቱ ዕቃ ይጠቀለልበታል። አንድ ቅጂ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የአንድን ሰው ጉዳይ የፈለገ ሰው ዓመቱንና ወሩን ማወቅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መሄድ፣ ጥራዙን ማስወጣትና ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነበረበት። የፍርድ ቤት ፋይልም እንዲሁ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። ማስረጃው አልጠፋም፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ረጅምና አድካሚ ነበር። ይህ ርቀት ማንም ሳያውጀው ለብዙ ሰው ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል። አገሩን ለቆ ሌላ ከተማ የገባ ሰው ኑሮን እንደ አዲስ መጀመር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የመረሳት መብት ታሪክ ይህ ርቀት እንዴት እንደጠበበና ሕግ መልሶ ሊያሰፋው እንዴት እንደሞከረ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ርቀቱ መጥበብ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1890 ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት የቦስተን ጠበቆች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በቅጽበት ፎቶ የሚያነሣ ካሜራና ወሬ አሳዳጅ ጋዜጣ የሰውን የቤት ገመና አደባባይ እያወጡት ነውና፣ ሕግ ለሰው በሰላም የመተው መብት ሊያውቅለት ይገባል አሉ። ስለ ግል ሕይወት ጥበቃ ከዚያ ወዲህ ለተጻፈው ብዙ ነገር መነሻው ይህ ጽሑፍ ነው። ያለፈ ታሪክን በቀጥታ የሚመለከት ፍርድ ግን አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ከካሊፎርኒያ መጣ።

ጋብሪኤል ዳርሊ በወጣትነቷ በሴተኛ አዳሪነት ትኖር ነበር፤ በ1918 ሰው በመግደል ተከሳ በነጻ ተለቀቀች። ከዚያ ያንን ኑሮ እርግፍ አድርጋ ትታ በ1919 ሜልቪን የተባለ ሰው አገባች። አዲሶቹ ወዳጆቿ ስለ ቀድሞ ሕይወቷ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በ1925 «ቀዩ ኪሞኖ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ታሪኳን ከነእውነተኛ ስሟ በየሲኒማ ቤቱ አሳየው። ክሷን በ1931 የተመለከተው የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነገሩን ለሁለት ከፈለው። በችሎት የተገለጠው ጉዳይ የሕዝብ መዝገብ ነውና ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ራሷን ያረመችን ሴት ስም ከዚያ ታሪክ ጋር አያይዞ ለዓለም ማሳየት ግን የግዛቱ ሕገ መንግሥት ለሰው ሁሉ ያረጋገጠውን ደስታን የመሻት መብት ይጥሳል። ታሪኩ ይነገር፣ ስሙ ይቅር ማለት ነው። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አውሮፓ የደረሰችበት መፍትሔ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዊሊያም ጄምስ ሲዲስ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1909፣ በ11 ዓመቱ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባለ አራት ልኬት አካላትን በሚመለከት ለሒሳብ ሊቃውንት ንግግር አደረገ። ጋዜጦች ብርቅዬው ልጅ እያሉ አራገቡት። ካደገ በኋላ ዝናን ሸሽቶ፣ በተራ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ እየተዳደረ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖር ጀመር። በ1937 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ያለበትን አፈላልጎ፣ ክፍሉን፣ አነጋገሩን፣ የትራም ትኬት መሰብሰቡን ሳይቀር ዘርዝሮ ለአንባቢ አቀረበው። ሲዲስ ከሰሰ። በ1940 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጽሑፉ ርኅራኄ የጎደለው መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሕዝብ ዓይን ያረፈበት ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ሕዝብ የሚፈልገው ነገር ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ሲዲስ በ1944፣ በ46 ዓመቱ ሞተ። የአሜሪካ ሕግ ከዚያ ወዲህ በአመዛኙ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ እውነት የሆነና በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ነገር ምንም ያህል ቢያረጅ ማተሙ በንግግር ነጻነት ይጠበቃል። ሲዲስ በልጅነቱ ሌሎች የጫኑበትን ዝና ካደገ በኋላ እንኳ እንዲያወርደው አልተፈቀደለትም። የዚህ መንገድ ጭካኔ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በእሱ ጉዳይ ላይ ነው።

በአውሮፓ ክርክሩ የተነሣው ከአስከፊ ወንጀሎች ጋር ተያይዞ ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ሻብሮል በ1963 ስለ ነፍሰ ገዳዩ ላንድሩ ፊልም ሠራ። ላንድሩ ሴቶችን በጋብቻ ተስፋ እያታለለ ገድሏል ተብሎ ተፈርዶበት በ1922 አንገቱ የተቆረጠ ሰው ነው። የመጨረሻ ወዳጁ የነበረችው ፈርናንድ ሴግሬ በፊልሙ ውስጥ መቅረቧን ተቃውማ ካሳ ጠየቀች። እሷ ራሷ ቀደም ሲል ትዝታዋን አሳትማ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ጥያቄዋን አልተቀበለም። ያም ሆኖ የሕግ ሊቁ ዤራር ሊዮን ካን ፍርዱን ሲተነትኑ የመረሳት መብትን ማንሣታቸው ሐሳቡ በፈረንሳይ የሕግ ጽሑፎች ውስጥ ሥር እንዲሰድ አደረገ።

ወሳኙ ፍርድ የመጣው ከጀርመን ነው። በጃንዋሪ 1969 በሌባህ ከተማ በሚገኝ የጥይት መጋዘን ጥበቃ ላይ የነበሩ አራት ወታደሮች ተገደሉ። ሁለቱ ዋና ወንጀለኞች ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው፣ በዝግጅቱ የረዳቸው ሦስተኛው ሰው ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ዜድ ዲ ኤፍ የተባለው ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ወንጀሉ ያሠራውን ፊልም ሊያሳይ የተዘጋጀው ይህ ሦስተኛው ሰው ከእስር የሚወጣበት ጊዜ በተቃረበበት ወቅት ነበር፤ ፊልሙ ደግሞ ስሙን ይጠራል፣ መልኩንም ያሳያል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጁን 5 ቀን 1973 ፊልሙ እንዳይታይ አገደ። ወንጀል ትኩስ ሳለ የሕዝብ የማወቅ ፍላጎት ይበልጣል፤ ጊዜ ሲያልፍና ቅጣት ሲፈጸም ግን ሰውዬው ወደ ማኅበረሰቡ የመመለስ መብቱ እየከበደ ይሄዳል አለ። ከዚህ ፍርድ በኋላ የጊዜ ማለፍ ራሱ ዳኛ የሚመዝነው ነገር ሆነ።

ከፊልምና ከጋዜጣ ውጪ የወንጀል ሕግ ራሱ መርሳትን የሚያዝበት መንገድ ነበረው። ብሪታንያ በ1974 ባወጣችው ሕግ ከበድ ያለ ቅጣት ያልተፈረደበት ሰው የተወሰኑ ዓመታትን ያለ ጥፋት ካሳለፈ፣ ለአብዛኛው ሥራ ሲያመለክት የቀድሞ ፍርዱን እንዲናገር አይገደድም። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ቀድማለች። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁትና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስለ መሰየም የሚደነግጉ አንቀጾች ነበሩት። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ሕጉ የወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ካሳለፈና የተፈረደበትን ካሳ ከከፈለ ለፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ሲፈቀድለትም ያጣው መብት ይመለስለታል፣ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕጉ በዚህ አላበቃም። የተሰየመን ሰው በክፋት ተነሣሥቶ በቀድሞ ፍርዱ የሚነቅፍ ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» የሚለው መከላከያም አይሠራለትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ቀጥሏል። እውነት የሆነ ነገር እንኳ ጊዜው ካለፈ በኋላ በክፋት ሲነሣ ጥፋት ይሆናል ብሎ በጽሑፍ ማስፈር ለዘመኑ ደፋር አቋም ነው፤ ስለ መረሳት መብት በሚጻፈው ውስጥ ይህ ሕግ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ስጋቱ ከጋዜጠኛ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ዞረ። የግብር፣ የጤናና የመኖሪያ መዝገቦች በአንድ ማሽን ውስጥ ሊገናኙ መቻላቸው ምዕራብ አውሮፓን አስደነገጠ። የጀርመኗ ሄሰን ግዛት በ1970 በዓለም የመጀመሪያውን የዳታ ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ስዊድን በ1973፣ ፈረንሳይ በ1978 ተከተሉ። በ1995 የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው መመሪያ የእነዚህን ሕጎች መንፈስ ለአባል አገሮች ሁሉ አዳረሰው፤ የተሳሳተ፣ ያልተሟላ ወይም ከሕግ ውጪ የተያዘ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብትም በውስጡ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ስለ ባንክ፣ ስለ መድን ድርጅትና ስለ መንግሥት መዝገብ ነው። መመሪያው ከሃያ ዓመት በኋላ ጎግልን ይገዛል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ጎግል የተባለ ኩባንያም ገና አልተፈጠረም።

በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በ1996 ብሩስተር ኬል በሳን ፍራንሲስኮ የኢንተርኔት አርካይቭን አቋቁሞ ድረ ገጾችን ከነመልካቸው ማስቀመጥ ጀመረ፤ ክምችቱም በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ጎግል በሴፕቴምበር 1998 ተመሠረተ። ታላላቅ ጋዜጦች የመቶና ከዚያ በላይ ዓመታት ጥራዞቻቸውን ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጡ ለአንባቢ ከፈቱ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ በጎ ነበር፤ ለተመራማሪና ለታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ትልቅ ሲሳይ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ያንን አሮጌ ርቀት ከሥሩ ነቀሉት። ዓመቱን የማያውቅ፣ ከተማውን የማያውቅ፣ ምን እንደሚፈልግ እንኳ በቅጡ ያልለየ ሰው ስም ብቻ ጽፎ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ቻለ። ኦስትሪያዊው ምሁር ቪክቶር ማየር ሾንበርገር በ2009 ስለ መሰረዝ ባወጡት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በሰው ልጅ ታሪክ መርሳት የተለመደው፣ ማስታወስ ደግሞ ድካምና ወጪ የሚጠይቀው ነገር ነበር፤ የዲጂታል ዘመን ይህንን ገለበጠው።

ጉዳዩን ወደ ፍርድ አደባባይ ያወጣው አንድ የስፔን ዜጋ ነው። በ1998፣ ጃንዋሪ 19 እና ማርች 9 ቀን፣ ባርሴሎና ውስጥ የሚታተመው «ላ ቫንጓርዲያ» ጋዜጣ የሐራጅ ማስታወቂያ አወጣ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ዘወትር ከሚወጣው የተለየ አልነበረም፤ በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት የተያዘ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሸጥ ተጫራቾች እንዲቀርቡ የሚጠራ፣ ጥቂት መስመር ያለው ማስታወቂያ ነው። ያሳተመው ጋዜጣው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን የስፔን የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አዝዞ ነው። ከባለንብረቶቹ አንዱ ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌዝ ይባላል። የዕዳው ጉዳይ እልባት አገኘ፣ ዓመታትም አለፉ። ጋዜጣው አሮጌ እትሞቹን ኢንተርኔት ላይ ካወጣ በኋላ ግን፣ የሰውየውን ስም ጎግል ላይ የጻፈ ሰው ያንን የሐራጅ ማስታወቂያ ያገኝ ጀመር።

ኮስቴሃ መጀመሪያ ጋዜጣውን ጠየቀ፤ ማስታወቂያው የወጣው በመንግሥት ትእዛዝ ነው ተብሎ አልተሰረዘለትም። ከዚያ ጎግልን ጠየቀ። በማርች 2010 ደግሞ ለስፔን የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት አለ። ባለሥልጣኑ በጁላይ ወር የሰጠው ውሳኔ ለቀጣዩ ታሪክ ሁሉ መሠረት ስለጣለ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጋዜጣው ማስታወቂያውን ያወጣው በሕግ ነውና አይነካም አለ፤ ጎግል ግን በዚህ ሰው ስም ሲፈለግ ወደ ማስታወቂያው የሚመራውን አድራሻ እንዲያነሣ አዘዘ። ጎግል ይግባኝ ብሎ ወደ ስፔን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም የአውሮፓን ሕግ የሚመለከቱትን ጥያቄዎች በ2012 ሉክሰምበርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መራቸው።

የጎግል መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። እኛ ሌሎች ያወጡትን እንጠቁማለን እንጂ የራሳችንን ነገር አላተምንም፤ ፍለጋውን የሚያከናውነው የአሜሪካው ኩባንያ ነው፤ ማድሪድ ያለው ቢሮ ማስታወቂያ ከመሸጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም የሚል ነው። የፍርድ ቤቱ የሕግ አማካሪ ኒሎ ያስኪነንም በጁን 2013 ባቀረቡት አስተያየት መመሪያው እንዲህ ያለ አጠቃላይ የመረሳት መብት አይሰጥም አሉ። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የአማካሪውን አስተያየት ስለሚከተሉ ብዙዎች ነገሩ አልቆለታል ብለው ነበር።

ሜይ 13 ቀን 2014 የተነበበው ፍርድ ግን ሌላ ሆነ። የመፈለጊያ ሞተር መረጃ ይሰበስባል፣ ያከማቻል፣ ያደራጃል፣ በቅደም ተከተልም ያቀርባል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራው ራሱ ኃላፊ ነው ተባለ። የማድሪዱ የማስታወቂያ ሽያጭና የካሊፎርኒያው ፍለጋ አንዱ ያለ አንዱ አይቆምምና የአውሮፓ ሕግ ይገዛዋል ተባለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ስም የተባለው ነው። በተለያየ ቦታ ተበትነው የነበሩ ነገሮች በስም ሲፈለጉ አንድ ላይ ተሰብስበው የሰውን ሙሉ ገጽታ ይሠራሉ፤ ይህ ከአንድ የጋዜጣ ገጽ ይልቅ ብዙ እጥፍ የከበደ ጣልቃ ገብነት ነው አሉ ዳኞቹ። በመሆኑም መረጃው እውነት ቢሆን፣ በሕግም ታትሞ ቢሆን፣ ከጊዜው ማለፍ የተነሣ ተገቢነቱን ካጣ ሰውዬው በስሙ ሲፈለግ እንዳይወጣ መጠየቅ ይችላል። በሕዝብ ሕይወት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ግን ሕዝቡ መረጃውን የማግኘት ጥቅሙ ስለሚያመዝን ይህ አይፈቀድለትም።

ፍርዱ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ማስታወቂያው ከጋዜጣው ማኅደር አልወጣም። ባርሴሎና ሄዶ ጥራዙን የሚያገላብጥ፣ ወይም በኢንተርኔት በሌላ ቃል የሚፈልግ ሰው አሁንም ያገኘዋል። የተቆረጠው ከስሙ ወደ ማስታወቂያው የሚወስደው አቋራጭ ብቻ ነው። ኮስቴሃ ግን ከድሉ ብዙም አልተጠቀመም፤ የክሱ ዜና ስሙንና ያንኑ ዕዳ በዓለም ሁሉ አናኘው። በ2015 ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ትችቶች እንዲነሡለት ቢጠይቅ የስፔን ባለሥልጣን አልፈቀደለትም፤ ክርክሩ በዚያን ጊዜ የሕዝብ ጉዳይ ሆኖ ነበርና።

ጎግል በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የማመልከቻ ቅጽ አወጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 12,000 ያህል ጥያቄ ቀረበ። ኩባንያው ፈላስፋውን ሉቺያኖ ፍሎሪዲንና የዊኪፔዲያን መሥራች ጂሚ ዌልስን የጨመረ አማካሪ ጉባኤ ሰብስቦ በአውሮፓ ከተሞች አዟዟረ፤ ዌልስ መብቱን ከሥሩ ተቃወመ። ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ኩባንያው ራሱ ይፋ ካደረጋቸው ምሳሌዎች ይታያል። በጀርመን የመደፈር ወንጀል የተፈጸመበት ሰው ስለ ወንጀሉ የተጻፈ የጋዜጣ ዜና እንዲነሣ ጠየቀ፤ ተነሣ። ኢጣሊያ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏ ስለ መገደሉ ከአሥርት ዓመታት በፊት ስሟን ጠርቶ የወጣ ጽሑፍ እንዲነሣላት ጠየቀች፤ ተነሣ። አንድ የሃንጋሪ ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለ ቀድሞ የወንጀል ፍርዱ የሚያወሱ አዳዲስ ጽሑፎች እንዲነሡ ጠየቀ፤ አልተነሡም። ኩባንያው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ባወጣው ጥናት፣ እንዲነሡ ከተጠየቁት 2.4 ሚሊዮን ያህል አድራሻዎች 43 በመቶው ተነሥተዋል፤ ከአመልካቾቹም 89 በመቶው ተራ ግለሰቦች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ግርግር አልጠፋም። በጁላይ 2014 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ሮበርት ፔስተን የሜሪል ሊንች ባንክ የቀድሞ ኃላፊ ስለ ነበሩት ስታን ኦኒል በ2007 የጻፈው ጽሑፍ ከፍለጋ እንደተነሣ የሚገልጽ ማስታወቂያ ደረሰው። ባለጸጋ ታሪኩን ደለዘ የሚል ጩኸት ተነሣ። ሲጣራ ጽሑፉ በባንክ ኃላፊው ስም ሲፈለግ እንደ ወትሮው ይወጣል፤ ጥያቄው የመጣው ከጽሑፉ ግርጌ አስተያየት ካሰፈረ አንድ አንባቢ ነበር። አንድ ገጽ ለአንድ ስም ተዘግቶ ለሌላው ክፍት ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው የተረዳው ያኔ ነው።

ሚዛኑ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የለንደን ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2018 አሳየ። ስማቸው እንዳይገለጽ የተደረገ ሁለት ነጋዴዎች ጎግልን ከሰሱ። አንዱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሐሰተኛ ሒሳብ ጋር በተያያዘ ሤራ አራት ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ሁለተኛው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከስልክና መልእክት ጠለፋ ጋር በተያያዘ ስድስት ወር። ዳኛው ማርክ ዋርቢ የመጀመሪያው ዛሬም በንግድ ላይ መሆኑንና ጥፋቱን አምኖ አለመጸጸቱን አይተው ጥያቄውን አልተቀበሉም። ሁለተኛው ጥፋቱን አምኗል፣ ተጸጽቷል፣ የቀድሞ ወንጀሉ አሁን አብረውት ለሚሠሩት አደጋ አይሆንም ብለው ፈረዱለት። ጸጸት በማሽን የሚለካ ነገር አይደለም፤ የሰው ፊትና ቃል ያየ ዳኛ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፍርድ በየቀኑ ለኩባንያ ሠራተኞች መተው የሥርዓቱ ትልቁ ድካም ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2016 አጽድቆ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ መብቱን በአንቀጽ 17 በግልጽ አሰፈረው። ረቂቁ ሲወጣ አብዝተው የተጨነቁት የታሪክ ማኅደር ጠባቂዎች ናቸው፤ የፈረንሳይ አርካይቭ ባለሙያዎች ማኅበር በ2013 ተቃውሞውን በአሥር ሺዎች ሰው አስፈረመ። ስጋታቸው የሚናቅ አልነበረም። አውሮፓ በጦርነት ዘመን የተዘረፉትን፣ የተጋዙትንና የተገደሉትን ለይታ ያወቀችው ስም በያዙ መዝገቦች ነው። ደንቡ ሲጸድቅ ለታሪክ ምርምርና ለሕዝብ ጥቅም የተያዘ ማኅደር፣ ለንግግር ነጻነት የሚያስፈልግ ጽሑፍም ከመሰረዝ ነጻ ተደረገ።

ያም ሆኖ ጥያቄው ወደ ጋዜጣ ማኅደር መድረሱ አልቀረም። የቤልጅየሙ «ለ ሷር» ጋዜጣ በ1994 ሁለት ሰው ስለ ሞተበት የመኪና አደጋ ሲጽፍ የሾፌሩን ሙሉ ስም አውጥቶ ነበር። ሾፌሩ በ2000 ተቀጣ፣ በ2006 በፍርድ ቤት ተሰየመ። ጋዜጣው በ2008 ማኅደሩን ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ስሙን የፈለገ ሁሉ አደጋውን ያገኝ ጀመር፤ ሰውዬው ደግሞ ሐኪም ነው፣ በሽተኞቹ ያዩታል። የቤልጅየም ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔቱ ቅጂ ላይ ስሙ በአንድ ፊደል እንዲተካ አዘዙ። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎትም ጁላይ 4 ቀን 2023 በ12 ለ5 ድምፅ ይህ የጋዜጣውን ነጻነት አልጣሰም አለ። የታተመው ወረቀት እንዳለ ስለሆነ ውሳኔው መረን የለቀቀ አይደለም፤ ግን የአምስቱ ዳኞች ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል። ማኅደር አንድ ጊዜ ሲነካ ቀጣዩ ጠያቂ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። ይልቅ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2019 የጠቆመው መንገድ ይሻላል። በ1981 በአንዲት ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ገድሎ፣ ተቀጥቶ በ2002 የተፈታ ሰው «ዴር ሽፒገል» መጽሔት በዘመኑ የጻፈው እንዳይታይ ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጽሑፉ ሳይጠፋ በስሙ ብቻ ሲፈለግ እንዳይገኝ የሚያደርግ መካከለኛ መፍትሔ እንዲታይ አዘዘ። ታሪክ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፣ ሰውም ይተነፍሳል።

አሜሪካ ይህንን መንገድ በሕግ አልተከተለችም። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ራሳቸው የለጠፉትን እንዲያስነሡ ፈቀደች፤ ሌላ ሰው ስለ እነሱ የለጠፈውን ግን አይጨምርም። ይልቅ አንዳንድ ጋዜጦች በራሳቸው ተነሣሡ። «ቦስተን ግሎብ» በ2021 የጀመረው አሠራር ስለ ቀላል ጥፋት ድሮ የተጻፈበት ሰው እንዲያመለክት፣ የአዘጋጆች ቡድንም ስሙን ማውጣት ወይም ጽሑፉን ማደስ ይገባ እንደሆነ እንዲወስን ያደርጋል።

የመብቱ ድንበርም አከራክሯል። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን ጎግል የተፈቀደውን ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ሁሉ እንዲፈጽም አዝዞ፣ እምቢ ሲለው በ2016 100,000 ዩሮ ቀጣው። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 የአውሮፓ ሕግ ይህንን አያስገድድም፣ ግዴታው በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ለሚደረግ ፍለጋ ነው አለ። ውጤቱ ስደተኛን በቀጥታ ይነካል። መብቱ የዜግነት ጉዳይ ስላልሆነ ሮም ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊም ይጠቀምበታል፤ ሆኖም እዚያ በስሙ የማይወጣው ገጽ አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላይ በስሙ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ሌላ ማመልከቻው የሚቀርበው በስም ነው። የአንድ ሰው ስም በግዕዝ ፊደል አንድ ሁለት ዓይነት፣ በላቲን ፊደል ደግሞ በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ ሁሉንም አጻጻፍ ያልዘረዘረ አመልካች ግማሽ መፍትሔ ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ ዳታ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አስገኝቷል፤ የማስፈጸም ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ አዲስ ነው፤ አፈጻጸሙ የሚቃናው በመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች ነው። ባለሥልጣኑ የጋዜጣና የታሪክ ማኅደርን ሳይነካ፣ የሕዝብ ኃላፊነት የያዘን ሰው ከተራው ሰው ለይቶ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ ይፋ እያደረገ ቢጀምር የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ሃምሳ ዓመት ለፍተው የደረሱበትን ከመነሻው ያገኘዋል።